ጥርኝን ሳያስሩ ዝባድ ማግኘት

ዝባድን በስሙ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ዝባዱን የሚሰጠውን እንስሳ በዓይኑ ያየ ግን ጥቂት ነው። ጥርኝ ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሲመሽ ብቻውን ይወጣል፤ ሰው ሲያሸት ዱካውን ያጠፋል። ገጠር ያደገ ሰው እንኳ የሚያስታውሰው አብዛኛውን ጊዜ የመኪና መብራት ውስጥ ለአፍታ የታየ ጥቁርና ግራጫ ጀርባ፣ ወይም ጠዋት አስፋልት ዳር የወደቀ ሬሳ ነው። ስለዚህ እንስሳ የተጻፈውም እንዲሁ ተቆራርጦ የተቀመጠ ነው። የሥነ እንስሳት ሰዎች ስለ አመጋገቡ ይጽፋሉ። የታሪክ ሰዎች ስለ ንግዱ፣ የእንስሳት ደኅንነት ተሟጋቾች ስለታሰረበት ሳጥን፣ ኬሚስቶች ደግሞ ስለ ሽታው ይጽፋሉ። አራቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፦ ጥርኙን ለእስር የዳረገው ጠባዩ ራሱ ከእስር የሚያወጣውም ሊሆን ይችላል። (ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ከስም ዝምድና የመጣውን ግርታ እናጥራ። ጥርኝ ድመት አይደለም። ከድመትና ከጅብ ጋር በሩቁ የሚዛመድ፣ የራሱ ቤተሰብ ያለው ሥጋ በል ነው፤ የዶሮ ጠላት የሆነው ሸለምጥማጥ የቅርብ ዘመዱ ነው። በእስያ ደግሞ በርካታ የአጎት ልጆች አሉት። ቡና በልቶ ፍሬውን በማውጣት ዓለም ያወቀው የኢንዶኔዥያው ዛፍ ወጪ ዘመዱ ነው እንጂ የእኛው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ከሳርስ በሽታ ጋር ስሙ ተያይዞ በቀጣዩ ዓመት በደቡብ ቻይና በሺዎች የተገደለውም ሌላ ዝርያ ነው። የእኛው ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ሰፊ ክፍል ይገኛል፤ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1776 ነው። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ላይም የመጥፋት ስጋት ካለባቸው ተርታ አልተመደበም። ይህን የምጠቅሰው ስለ ጥርኝ የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ ዘሩ ሊጠፋ ነው ከሚል ስለሚነሳ ነው። ዋናው ጥያቄ ያ አይደለም፤ አንድን የዱር እንስሳ እንዴት እንደምንይዘው ነው።

መልኩን ላላየ ሰው፦ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ነው፤ ከመካከለኛ ውሻ አይበልጥም፤ እግሩ አጠር፣ አንገቱ ወፈር ይላል። ግራጫ ወይም ቢጫማ ጸጉሩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብና ሸንተረር ተበትኖበታል፤ ዓይኑ ዙሪያ ደግሞ ጭንብል ያጠለቀ የሚያስመስል ጥቁር ጸጉር አለ። ከአንገቱ እስከ ጭራው የሚወርድ ጋማ አለው፤ ሲደነግጥ ይህን ጋማ ያቆመውና በአንዴ ሌላ ትልቅ እንስሳ ይመስላል። ጥፍሩን እንደ ድመት አይሸሽግም፤ ዛፍ መውጣትም ብዙም አይሆንለትም። ዋና ግን ይችላል።

ሌሊቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ የተመለከቱ ሰዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ጥርኝ የመንገድ ሰው ነው። ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ እያሸተተ አንድ መንገድ ይመላለሳል፤ የከብት ዱካ፣ የእግር መንገድ፣ የጫካ ውስጥ የመኪና መንገድ፣ ሁሉም ይስማማዋል። ከጀምበር መጥለቂያ አካባቢ ተነስቶ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ እንቅስቃሴው ይበረታል። ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ሄዶ ጎህ ሳይቀድ ጥቅጥቅ ካለ ቁጥቋጦ ይገባል። እናቲቱ ስትወልድ አዋልዲጌሳ ቆፍሮ የተወው ጉድጓድ ይጠቅማታል፤ እርግዝናዋ ከሁለት ወር ትንሽ ያልፋል፤ ከ1 እስከ 4 ግልገል ትጥላለች። ወንዱ በማሳደጉ አይሳተፍም። ከዚህ በቀር ሁሉም ለየብቻው ነው። ጥርኝ በመንጋ አይታይም፤ ከጎረቤቱ ጋር የሚነጋገረው በሽታ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የምግቡ ጉዳይ አስገራሚ ነው። ሥጋ በል ተብሎ ይመደብ እንጂ አፉ የማይቀበለው ነገር ጥቂት ነው። አይጥ፣ ፍልፈል፣ ወፍ፣ ጉርጥ፣ ጢንዚዛ፣ ፌንጣ፣ ምስጥ፣ እንቁላል፣ ጥንብ፣ የወደቀ ሾላ፣ የቤት ትርፍራፊ። ሌሎች እንስሳት የሚጸየፉትን ሺ እግር የተባለውን መርዛም ፍጥረት እንደ ቆሎ ይቆረጥመዋል። እባብም ይበላል። አደኑ ላይ ግን ድመትን ለሚያውቅ ሰው ድፍረት እንጂ ጥበብ የለውም። መዳፉን ለመያዝ አይጠቀምበትም። በጥርሱ ይነክሳል፣ ጭንቅላቱን በኃይል ያወዛውዛል፣ ይወረውራል፣ ተመልሶ ይነክሳል። በተለይ እባብ ሲሆን ይህ መወርወር ብልህነት ነው፤ መርዘኛው አፍ ወደ ፊቱ እንዳይመለስ ያደርጋል። አርባ ጥርሶቹም ለመቁረጥ ብቻ ሳይሆን ለመፍጨት የተሠሩ ናቸው፤ ሥጋም ፍሬም የሚበላ እንስሳ ጥርስ ይህን ይመስላል።

ጥርኝ ምን እንደበላ ለማወቅ ደግሞ እሱን ማየት አያስፈልግም። በየጊዜው እየተመለሰ የሚጸዳዳበት የተወሰነ ቦታ አለው፤ ብዙውን ጊዜ መንገድ ዳር ወይም ገላጣ ስፍራ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመናገሻ ሱባ ጫካ ላይ ያካሄዱትና በ2008 የታተመው ሥራ በአብዛኛው የተመሠረተው በእነዚህ ቦታዎች ላይ ነው። ሱባ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው፣ በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ተተከለ የሚባለው የጽድና የዝግባ ጫካ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የደረቀውን ኩስ በእንጨት የገለጠ ሰው የሌሊቱን ታሪክ ቁልጭ ብሎ ያገኘዋል፦ የሺ እግር ቀለበቶች እንደ ተበጠሰ ጨሌ ተበትነዋል፤ የጢንዚዛ ክንፍ ያብለጨልጫል፤ የአይጥ ጸጉር ተጠቅልሎ ደርቋል፤ በመካከሉ ደግሞ ያልተፈጨ የዱር ፍሬ ዘር አለ። አንዳንዱ ዘር በቅሎም ይገኛል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ከቀላል የተፈጥሮ ወሬ በላይ ነው። ጥርኝ ፍሬ ይውጣል፣ ሥጋውን ይፈጫል፣ ዘሩን ሳይሰብር ከእናት ዛፉ ርቆ ይጥለዋል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና ጫካዎች የቀላ ቡና ይበላል፤ ፍሬውን በየመጸዳጃው ይተወዋል። በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገቡት የካፋና የያዩ የቡና ጫካ ጥብቅ ስፍራዎች የሚጠበቁት በዱር ለሚበቅለው ቡና ሲባል መሆኑን ካሰብን፣ ያንን ቡና በሌሊት ከቦታ ቦታ ከሚያዛውሩት አንዱ ጥርኝ መሆኑ በመግለጫዎች ላይ ብዙም አለመነሳቱ ያስገርማል። ቡናውን የሚያስተዋውቅ ሁሉ ዛፉን ፎቶ ያነሳል እንጂ ዘሪውን አይጠቅስም። ምናልባት ስላልታየ ይሆናል።

አሁን ወደ ሽታው። ወንዱም ሴቷም ከብልታቸው አጠገብ ከረጢት መሰል እጢ አላቸው፤ ውስጡ እንደ ቅቤ ወፍራም የሆነ ቅባት ይሰበስባል፤ ዝባድ የሚባለው ይህ ነው። ጥርኝ መንገዱ ላይ ሲሄድ ዛፍ ግንድ ወይም ድንጋይ አጠገብ ይቆምና ኋላውን አዙሮ እጢውን ገልብጦ ይለጥፈዋል፤ ዝባድ ያትማል። ማኅተሙ ከመሬት ከግማሽ ሜትር በታች ነው፤ ሲወጣ ነጭ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፤ አየርና ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል። ሽታው ወራትን ይቆያል። ተመራማሪዎቹ ሱባ ውስጥ ያዩት ይህንን ነው፦ ጥርኝ የትም ቦታ አያትምም፣ እየተመለሰ የሚያትምባቸው ዛፎች አሉት፣ እነዚያም በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ናቸው። የአንዱ ዛፍ ቅርፊት በተደጋጋሚ ማኅተም እንደ ጎማ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። እዚያ የሚያልፍ ሌላ ጥርኝ ማን እንደነበረ፣ መቼ እንዳለፈ፣ ወንድ ይሁን ሴት ያውቃል። ሰው ግን ገና ወደ ዛፉ ሲጠጋ የሚሰማው የመጀመሪያ ሽታ ሽቶ አይደለም፤ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የመጸዳጃ ነው። ሽቶ የሚሆነው በአልኮል በጣም ሲቀጥን ነው። ያኔ ጣፋጭና ሞቅ ያለ፣ አበባ አበባ የሚል ሽታ ያመጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌሎች ሽታዎች ቶሎ እንዳይተኑ ይይዛቸዋል። የሽቶ ሰዎች የከፈሉት ለዚህ መያዝ ነው።

የንግዱ ታሪክ ረጅም ነው፤ እዚህ ሁሉን መዘርዘር አያስፈልግም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የጊቤ መንግሥታት ሲያብቡ ዝባድ ከወርቅ፣ ከዝሆን ጥርስ፣ ከቡናና፣ መደበቅ አይቻልም፣ ከባሪያ ጋር አብሮ የሚጫን ዕቃ ነበር። የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ፣ ከ1825 እስከ 1861 የነገሠው፣ ሰቃ የተባለችውን ገበያ ይዞ ነጋዴውን ሁሉ በእጁ አስገብቶ ነበር። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ በ1843 እዚያው ድረስ ዘልቋል። ከእናርያ የተነሳ ቀንድ ሙሉ ዝባድ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም በሶ ገበያ ይደርሳል፤ ከዚያ ጎንደር፣ ከጎንደር ምፅዋ፣ ከምፅዋ ባሕር ማዶ። በኋላ ዘመን ደግሞ በጅማው ንጉሥ በአባ ጅፋር ግዛት ሂርማታ የተባለው ገበያ ይህንን ቦታ ወረሰ።

አውሮፓውያንም ጥርኝን ራሱን ወስደው ለማቆየት የሞከሩበት ጊዜ ነበር። ሮቢንሰን ክሩሶን የጻፈው ዳንኤል ዲፎ በ1692 ለንደን ዳር 70 ገደማ ጥርኞች ገዝቶ ዝባድ አምርቶ ሊከብር አስቦ ነበር። በዚያው ዓመት ከሰረ፤ ጥርኞቹም የዕዳው አካል ሆኑ። የከሰረው በጥርኙ ብቻ ባይሆንም፣ ጥርኝ ይዞ መክበር ከሚመስለው በላይ ከባድ መሆኑን ከእሱ በኋላ የመጡትም አይተውታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሊሙ፣ ጅማ፣ ኢሉባቦርና ወለጋ አካባቢ የቀጠለው ጥርኝ የማቆየት ሙያ በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ በሙስሊም ቤተሰቦች ውስጥ የወረደ ነው። አሠራሩም ብዙ አልተለወጠም። ጥርኙ ከጫካ በወጥመድ ይያዛል፤ ወንድ ብቻ ይፈለጋል፤ ሴት ብትያዝ ትለቀቃለች። ከቀጫጭን እንጨት በተሠራ ረጅምና ጠባብ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሳጥኑ ወደ ኋላ ዞሮ እንዳይነክስ ሆን ተብሎ የጠበበ ነው። ሳጥኖቹ የሚደረደሩት ጨለማ ጎጆ ውስጥ ነው፤ መሐሉ ላይ እሳት ይነዳል፤ ሙቀቱ ዝባዱን ያበዛዋል ይባላል። ጥሬ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ የበቆሎ ገንፎ ይቀርብለታል። ብዙ ቤተሰብ ለራሱ ልጅ የማያገኘው ምግብ መሆኑን እዚህ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ወጪው ቀላል አይደለም።

በየ9 እስከ 12 ቀኑ የመፋቂያው ሰዓት ይደርሳል። አንድ ሰው የሳጥኑን ኋላ ከፍቶ ጭራውን ይይዛል፤ ሌላው የኋላ እግሮቹን በእንጨቶቹ መካከል ጎትቶ ያወጣል። እጢው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ተጨምቆ ይገለበጣል፤ ቅባቱ በቀንድ ማንኪያ ይፋቃል። እንስሳው ያጉረመርማል፣ ይንፈራገጣል፣ ሳጥኑን ያርገፈግፋል። ከዚያ የተፋቀው ቦታ ቅቤ ይቀባል፣ ሳጥኑ ይዘጋል፣ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። በእያንዳንዱ ዙር የሚገኘው ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ጥቂቱ ተጠራቅሞ የበሬ ቀንድ ውስጥ ይታጨቃል፤ አፉ ይታሰራል፤ ወደ አዲስ አበባ ላኪ፣ ከላኪው በዋናነት ወደ ፈረንሳይ ይሄዳል። በዚህ ጉዞ ላይ ቅቤና ሌላም ነገር የሚቀላቅል አይጠፋም፤ የኢትዮጵያ ዝባድ ገዢ ዘንድ እምነት ያጣው በከፊል በዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አለመራባቱ ነው። በሳጥን ያለ ጥርኝ አይወልድም፤ የሞተውን የሚተካው ሌላ ከጫካ የተያዘ ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ እርባታ አይደለም፤ ቀስ እያለ የሚካሄድ አደን ነው ማለት ይቻላል።

ንግዱን የነቀነቀው ርኅራኄ ሳይሆን ኬሚስትሪ ነው ብዬ አምናለሁ። በ1926 በስዊዘርላንድ ይሠራ የነበረው ሊዮፖልድ ሩዚችካ የዝባድን ዋና ሽታ ሰጪ አካል፣ ሲቬቶን የተባለውን፣ መዋቅሩን ፈታ። 17 የካርቦን አቶሞች የተያያዙበት ቀለበት ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ትልቅ ቀለበት አይጸናም ተብሎ ይታመን ነበር፤ አንድ ጥርኝ ግን ያለ ላቦራቶሪ ሲሠራው ኖሯል። ሩዚችካ በ1939 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሲሆን ከምክንያቶቹ አንዱ በእነዚህ ትልልቅ ቀለበቶች ላይ የሠራው ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ሽቶ ሠሪው አማራጭ አገኘ። ዛሬ ሲቬቶን ከፓልም ዘይትም ይሠራል። ከ1889ኙ ዢኪ እስከ 1921ዱ ሻኔል ቁጥር 5 ድረስ ዝባድ የገባባቸው ታላላቅ ሽቶዎች ነበሩ፤ ሻኔል ከ1998 ወዲህ የተፈጥሮውን በሰው ሠራሽ መተካቱን አስታውቋል። በዚያው ሰሞን የዓለም የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉትን ሳጥኖች መርምሮ ያወጣው ዘገባ ገዢዎች ጀርባቸውን እንዲያዞሩ አደረገ። ተሟጋቾቹ በር ገፉ፤ በሩ ግን ቀድሞ ተከፍቶ ነበር።

እዚህ ላይ የክርክሩ ወገኖች ይለያያሉ። አንዱ ወገን ሥራውን ጨርሶ ማገድ ይሻላል ይላል። ሐሳቡ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ጥርኝ የሚያቆዩት ገበሬዎች ናቸው፤ ያለ ምትክ ቢታገድ ንግዱ ይሸሸጋል እንጂ አይቆምም። ከዚያ ሳጥኑን የሚያይ ሰውም አይኖርም። ሁለተኛው ወገን ሳጥኑ ይስፋ፣ ጎጆው ይብራ፣ መመሪያ ይውጣ ይላል። በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳትን በፈቃድ መጠቀምን ስለሚያውቅ መሠረቱ አለ። ሳጥኑን ማስፋት ግን ወጪ ነው፤ ትልቅ ቦታ ያገኘን ጥርኝ ደግሞ ይዞ መፋቅ ለሰውም ለእንስሳውም አደጋ ነው። ሳጥኑ የጠበበው በክፋት ብቻ አይደለም፤ አሠራሩ ራሱ ጠባብ ሳጥን ይጠይቃል። ለዚህ ነው ማሻሻያው በወረቀት ላይ ሲያምር መንደር ሲደርስ የሚቆመው።

ሦስተኛው መንገድ የመጣው ከጥርኙ ጠባይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በ2011 ያወጡት ጽሑፍ ጥርኙ ራሱ ዛፍ ላይ ካተመው ዝባድ መሰብሰብ እንደሚቻል አሳየ። ጥርኙ እየተመለሰ የሚያትምባቸው ዛፎች የታወቁ ናቸው፤ ማኅተሙ በቁመት የሚገኝበትም ቦታ ይታወቃል። ማንም ሳይያዝ፣ ማንም ሳይጨመቅ፣ ሰው ጠዋት ተነስቶ ማኅተሙን መፋቅ ይችላል። እኔ ካነበብኩት ሁሉ ወደፊት የሚያይ ሐሳብ ይህ ብቻ ነው።

እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። ከዛፍ የሚፋቀው ከቅርፊት፣ ከአቧራና ከዝናብ ጋር የተገናኘ ነው፤ በቀን የሚሰበሰበውም ከሳጥን ከሚወጣው ያነሰ ነው። ማኅተሙን በየቀኑ የሚያጣው ጥርኝ እንደ ገና ለማተም ይገደዳል፤ ያ ደግሞ ኃይል ይጠይቀዋል፣ ከጎረቤቱ ጋር ያለውን ወሬም ያዛባል። ስለዚህ ከአንድ ዛፍ ሁሉንም አለመውሰድ፣ ቦታ ማፈራረቅ፣ በመራቢያ ወቅት ማረፍ የመሳሰለ ሥርዓት ያሻል። ጫካው ደግሞ መኖር አለበት። ማኅተም በብዛት የሚያርፈው ዛፍ ላይ ነው፤ ዛፉ ተቆርጦ ማሳ ከሆነ ጥርኙ አጥር ላይ ያትማል፣ ዶሮ ይሰርቃል፣ በዱላ ይሞታል። አስፋልት በየጫካው በገባ ቁጥርም መንገድ የሚወደው እንስሳ መንገድ ላይ ይሞታል።

እነዚህን ሁኔታዎች የሚያሟላ ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በያዩና በካፋ የደን ቡና ለቃሚዎች ከመስከረም ጀምሮ ጫካውን በእግራቸው ያስሱታል፤ በማኅበር የተደራጁ ናቸው፤ የትኛው ዛፍ የትኛው ሰው ድርሻ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ቡናቸውንም ከየትኛው ጫካ እንደመጣ እየለዩ መሸጥ ለምደዋል። ዝባድንም እንደዚያ በጫካ ስም፣ በትንሽ ብልቃጥ፣ የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ይዞ መሸጥ ይቻላል፤ በቀንድ ተጠቅጥቆ ቅቤ የተቀላቀለበት ዕቃ ያጣውን ገዢ የሚመልሰው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ከፓልም ዘይት የተሠራው ሲቬቶን በዋጋ ሁልጊዜ ይረክሳል፤ ስለዚህ ከዛፍ የተፋቀውን የሚገዛው የተፈጥሮውን ሽታ ሙሉ ውስብስብነቱን የሚፈልግና ያለ ሳጥን መገኘቱን በሽቶው ጠርሙስ ላይ መጻፍ የሚችል ትንሽ ሽቶ ሠሪ ነው። የዋጋ ልዩነቱን መሸፈን ያለበት እሱ ነው እንጂ ለቃሚው አይደለም።